ሺኖ ያጨደችው አጂሳይ

ያሱሄይ በመንደሩ ጠመዝማዛ የባሕር ጠረፍ መንገድ ላይ ሠላሳ አራት ዓመት አውቶቡስ ነድቷል። ቤት ሲገባ ለሚስቱ ለሺኖ የሚያወጣው ቃል ከሦስት አይበልጥም፦ «እራት»፣ «ውሃ»፣ «ልተኛ»። ሺኖ ይህን ለጎረቤቷ ለኩሜ የምትነግራት እየሳቀች ነበር፤ ሳቁ ግን ከጥርስ አያልፍም።

የተረፈውን ንግግሩን የሚያፈሰው ጓሮ ነው። ከቤታቸው ጀርባ፣ ተራራው ሥር፣ የሰው ጭንቅላት የሚያህል ሰማያዊ አበባ የሚያወጡ አሥራ ሁለት የአጂሳይ ቁጥቋጦዎች ነበሩት። ሰባቱ እንደ መንደሩ አጂሳይ ሁሉ በዝናቡ ወር፣ በሰኔ፣ አንዴ አብበው ያበቃሉ። አምስቱ ግን ሁለቴ ያብባሉ። የሰኔው አበባ ሲጠወልግ ያሱሄይ ከአበባው በታች ሁለት ቅጠል ቆጥሮ ይቆርጠዋል፤ ማዳበሪያ ይጨምርለታል፤ በነሐሴ ሐሩር ጠዋት ማታ ያጠጣዋል። መስከረም ላይ እንደገና ይፈካል።

ሺኖ በመስኮት ትሰማዋለች። «ጠጣ እንጂ፣ አይዞህ። ይኼ ቅጠልህ ደግሞ ምን ሆነ?» ይላል። እሷን ምን ሆንሽ ብሏት አያውቅም። የእናቷ ለቅሶ ቀን እንኳ «ሐሩሩ ያደርቃቸዋል» ብሎ ከለቀስተኛው ቀድሞ ወደ ጓሮው ተመለሰ። ያቺን ቀን ሺኖ አልረሳቻትም።

ጡረታ በወጣ በአራተኛው ዓመት፣ በኅዳር፣ ያሱሄይ የውሃ ማጠጫውን እንደያዘ ወደቀ። አንጎሉ ውስጥ ደም ፈሶ ኖሮ ቀኝ ጎኑ በድን ሆነ፤ አንደበቱም ተዘጋ። አንዲት ቃል ብቻ ቀረችው፦ «አይ»። ሲርበውም «አይ»፣ ሲያመውም «አይ»፣ እሺ ለማለትም «አይ»።

ሆስፒታል ብዙ ወራት ተኛ። ሺኖ በየቀኑ እርሱ ይነዳው በነበረው አውቶቡስ ትመላለሳለች። አንድ የጥር ቀን በቀዝቃዛ ዝናብ በስብሳ ስትገባ፣ ያሱሄይ በግራ እጁ መስኮቱን ጠቆመ፤ ከዚያ በሁለት ጣቱ መቀስ እየሠራ «አይ! አይ!» አላት። የጨነቀው ለአበቦቹ ነው። የረጠበ ካፖርቷን አላየውም።

ቤቷ ስትደርስ ካፖርቷን ሳታወልቅ ማጭድ አነሣች። አሥራ ሁለቱንም ከመሬት እኩል አጨደቻቸው። ስትጨርስ እያለከለከች ቆመች፤ ደስ ይላት እንደሆነ ጠበቀች። ደስ አላላትም።

ኩሜ ከአጥሩ በላይ ብቅ አለች። «ምን ሠራሽ አንቺ ሴት! የሰኔው አበባ እኮ የሚወጣው በአምናው ግንድ ላይ ነው!»

«አጋዘን በላው።»

«አጋዘን ማጭድ መያዝ የጀመረው ከመቼ ወዲህ ነው?»

«እንዳትነግሪው።»

«እኔ ምን አገባኝ? ዓይን የለውም እንዴ?»

ያሱሄይ በመጋቢት መጨረሻ በተሽከርካሪ ወንበር ወደ ቤቱ ተመለሰ። መጀመሪያ የጠቆመው ወደ ጓሮው ነው። ሺኖ ገፍታ ወሰደችው።

«አጋዘን ነው» አለች ከኋላው ቆማ። «ዘንድሮ ከተራራው በዝተው ወረዱ።»

እርሱ ጎንበስ ብሎ አንዱን ጉቶ በአውራ ጣቱ ዳሰሰው። አጋዘን ይዘነጥላል እንጂ እንዲህ አስተካክሎ አይቆርጥም።

በማግስቱ ጠዋት ግን በእጁ የማዳበሪያውን ከረጢት ጠቆማት። አብዝታ ስታፈስ «አይ!» ብሎ ጮኸ። ስትቀንስ «አ…ይ» አለ። ሺኖ ቀስ በቀስ ድምፆቹን መለየት ጀመረች፤ አጭሩ ተይ ማለት ነው፤ በአፍንጫው የሚጎትተው እሺ ማለት ነው። አንድ ቀን ስታርም ውላ ማረሚያውን ወረወረችና «ስማ! እኔ እንደ አበባህ ድምፄን ሳላሰማ የምጠወልግ አይምሰልህ። ወገቤ ተቆረጠ!» አለችው። ያሱሄይ በደህናው ግማሽ ፊቱ ሳቀ፤ ከጎኑ እንድትቀመጥም መሬቱን ጠቆመላት።

ሰኔ መጣ፣ ዘነበ። የመንደሩ አጥር ሁሉ ሰማያዊ ሲሆን የእነርሱ ጓሮ ቅጠል ብቻ ሆኖ ቀረ። ሰባቱ ያን ዓመት አላበቡም፤ ከእነርሱም ሁለቱ ጭራሽ ሳያቆጠቁጡ ደረቁ። አምስቱ ግን በዚያው ዓመት ቀንበጥ ላይም ማበብ ይችላሉና፣ መስከረም ሲጠባ አንደኛው ጫፍ ላይ ገና አረንጓዴ የሆነ እንቡጥ ታየ። ያየችው ሺኖ ናት። ሮጣ ሄዳ ወንበሩን እየገፋች አመጣችው።

ያሱሄይ እንቡጡን ሲያይ ቆየ። ሺኖ አጠገቡ ተንበረከከች።

«አጋዘን አይደለም» አለችው። «እኔ ነኝ ያጨድኳቸው። ተናድጄብህ ነበር። እናቴ ከሞተች ጀምሮ ተናድጄብህ ነበር።»

ያሱሄይ ደህናውን እጁን ጭንቅላቷ ላይ ጫነ። «አይ» አለ። ከዚያም ዕንባው በጉንጩ እየወረደ «አይ… አይ… አይ…» አለ።

ሺኖ ያንን «አይ» ከዚያ በፊት ሰምታው አታውቅም። በኋላ ኩሜ ምን ማለቱ ነው ብላ ስትጠይቃት «እኔ እንጃ» አለቻት። «ለእኔ መሆኑን ግን አውቃለሁ።»

ከዚያ ወዲያ ሁለት ዓመት ኖረ። የሞተው በጥቅምት ነው። አስከሬን አሰናጂዎቹ እንደ ልማዱ ሣጥኑ ውስጥ የሚደረግ ነጭ አበባ ይዘው መጡ። ሺኖ ተቀበለቻቸው፤ ከዚያ ወደ ጓሮ ወጥታ ሦስት የአጂሳይ አበባ ቆርጣ ተመለሰች።

«እመቤቴ፣ ለሬሳ አጂሳይ አልተለመደም» አላት ከሰዎቹ አንዱ በለሆሳስ።

«አውቃለሁ» አለችና በበድኑ ቀኝ እጁ ሥር አስቀመጠቻቸው።

ሺኖ አሁን ሰማንያ ሁለት ዓመቷ ነው። በሐምሌ የመንደሩ ወጣት ሴቶች «ሺኖ ሳን፣ የቱ ጋ ልቁረጠው? እስቲ ያሳዩኝ» እያሉ፣ በስሟ ላይ የአክብሮት «ሳን» ጨምረው ይጠሯታል፤ መቀሷን ይዛ ትሄዳለች። ሁለቱ የደረቁበት ቦታ ላይ እስከ ዛሬ ምንም አልተከለችም። እንግዳ ሰው ክፍተቱን አይቶ እዚህ ምን ነበር ሲላት «እኔ የገደልኳቸው ሁለት ነበሩ» ትላለች። ከዚያ ማጠጫዋን አንሥታ ወደ ቀሩት ትሄዳለች።