ቀዩ ፈርጥና የስንቁ ጨርቅ

ወንድሜ ጎመን አይወድም ነበር። ይህን አስቀድሜ ልናገር፤ ኋላ የመጣው ሁሉ ያለዚህ አይገባም። እማዬ ጎመን ስታቀርብለት ወደ ሳህኑ ዳር ገፍቶ ገፍቶ አጥር ያጥርበታል። «የጌቶች ልጅ!» ትለዋለች። ምን የጌቶች ልጅ! አባታችን ፒያሳ ወርቅ ቤት ተቀጥሮ ቀለበት ላይ ፈርጥ የሚገጥም ሰው ነበር። ሲሞት የተወልን ዶሮ ማነቂያ ሰፈር ያለችውን አንድ ክፍልና ከጉትቻ የወለቀ፣ ሽምብራ የሚያህል ቀይ ፈርጥ ነው። ፈርጥ እንበለው እንጂ ብርጭቆ ነው።

ወንድሜ ግን ከዚያች ብርጭቆ ተረት አወጣ። አራት ኪሎ ሳይንስ ይማራል፣ ቤት ሲገባ ስለ ዘንዶ ያወራል። ተረቱ እንዲህ ነው፦ ፀሐይን የዋጠ ዘንዶ አለ፤ አንድ ልጅ ሊገድለው ይነሳል። እናቱ የንጋት ፈርጥ የሚባል ቀይ ዕንቁ ትሰጠዋለች። ልጁ ማታ ማታ ዕንቁውን በወፍ ይልክላታል፣ እሷ ጠዋት መልሳ ትልክለታለች። ዕንቁው እስከመጣ ድረስ ልጇ በሕይወት አለ።

«በቃ? ዕንቁው ዘንዶውን አያቃጥለውም?» እለዋለሁ።

«አያቃጥለውም።»

«ታዲያ ምን ይረባል?»

«ዝም ብለሽ ስሚ፣ አንቺ ነገረኛ!»

ልጁ ዘንዶው ዋሻ ደጃፍ ሲደርስ ወንድሜ ሁልጊዜ ተረቱን ያቆማል። «የቀረውን ነገ» ይላል። ነገ ሲደርስ ደግሞ ከመጀመሪያው ይጀምርልኛል። እንዴት እንደሚያናድድ!

ከዚያ ያ ክፉ ጊዜ መጣና ወንድሜን ከቤት ወሰዱት። ምን አደረገ? እንጃ። ወጣት ነበር፤ ያኔ እሱ ብቻ ይበቃ ነበር። ያሰሩት ከፒያሳ ብዙም በማይርቅ፣ ከአንድ ሀብታም በተወረሰ ግቢ ውስጥ ነው። ማየት ክልክል፣ ስንቅ ማቀበል የተፈቀደ። ጠዋት ሳህኑን በጨርቅ ቋጥረን እንሰጣለን፣ ከሰዓት ባዶውን እንቀበላለን። ዘቡ «ሁለተኛ ስንቅ እንዳታመጡ» ካለ ሰውየው የለም ማለት ነው። ይህን የማያውቅ የአራዳ እናት አልነበረም።

እማዬ ያን ፈርጥ በጨርቁ አንድ ጫፍ ላይ ቋጠረችው፣ ሳንቲም ነጠላ ጫፍ ላይ እንደሚቋጠር። ዘቡ ልብ አላለም። ከሰዓት ጨርቁ ሲመለስ ፈርጡ በሌላኛው ጫፍ ተቋጥሮ መጣ።

«ወፏ መጣች!» አለች እማዬ፣ ጨርቁን እየሳመች። ለካ ተረቱን እሷም ትሰማ ኖሯል።

ከዚያ በኋላ ኑሯችን ያች ቋጠሮ ሆነች። ሥጋ ከየት ይመጣል፤ የምንልክለት ጎመን ነው። እሱም ታስሮ እንኳ አመሉን አልተወም፤ እንጀራውን በልቶ ጎመኑን ዳር አስይዞ ይመልሰዋል። እማዬ ትቆጣለች፤ ቁጣዋ ግን ደስታ ነበረበት።

አንድ ቀን ሳህኑ ሙልጭ ብሎ ተበልቶ ተመለሰ። ፈርጡም በሌላኛው ጫፍ ተቋጥሯል።

«እሰይ! ልጄ ጎመን በላልኝ!» ብላ ለጎረቤቱ ሁሉ አወራች። እኔ ግን የጠረጠርኩትን ለራሴም መናገር ፈራሁ።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል አንድ ከሲታ ወጣት ቤታችን መጣ። ከወንድሜ ጋር በአንድ ክፍል ታስሮ እንደነበረና ትናንት እንደተፈታ ነገረን። እማዬ «ተቀመጥ» እንኳ ሳትለው፣ «ደህና ነው ልጄ? ጎመን ለመደልኝ አይደል?» አለችው።

«እማማ፣ ይቅር ይበሉኝ። ጎመኑን የበላነው እኛ ነን።»

ልጁ እንደነገረን፣ ወንድሜን ከእነሱ ክፍል ጠርተው ለግድያ ከወሰዱት ሰንብቷል። ሊወጣ ሲል «ቋጠሮው እንዳይቋረጥባት» ብሎ ለምኗቸዋል። ስሙ ከስንቅ መዝገቡ ስላልተሰረዘ፣ ስንቅ ሲመጣ ዘቡ ይጠራዋል፣ ከእነሱ አንዱ «አቤት» ይላል። በልተው፣ ፈርጡን በሌላው ጫፍ ቋጥረው ይመልሳሉ።

ያኔ ለእንዲህ ያለ ሟች ማልቀስ ክልክል ነበር። እማዬ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎስጉሳ ተንሰቀሰቀች። እኔ ልጁን «ተረቱን ነግሯችሁ ነበር? ዘንዶው ዋሻ ከደረሰ በኋላ ምን ሆነ?» አልኩት።

«እኛንም የቀረውን ነገ ብሎን ነው የወጣው» አለኝ።

በማግሥቱ እማዬ ጎመን ስትከትፍ አገኘኋት። አበደች ብዬ ደነገጥኩ።

«ለማን ነው እማዬ?»

«ለልጆቹ ነዋ! ምን ይብሉ ታዲያ?»

ፈርጡን ቋጠረችና ይዘን ሄድን። ዘቡ ሳህኑን ተቀብሎ የወንድሜን ስም ጠራ። ከውስጥ አንድ ድምፅ «አቤት!» አለ። እማዬ እንዳትወድቅ ግንቡን ያዘች። ከሰዓት ፈርጡ በሌላኛው ጫፍ መጣ። እነሱ አላወቀችም ብለው፣ እሷም ማወቋን እንዳያውቁ ብላ፣ እንዲሁ እየተላላኩ ሰነበቱ።

አንድ ቀን ከሰዓት ሳህኑን ስቀበል ከበደኝ። ጎመኑ እንዳለ ነው። ፈርጡ ጠዋት እማዬ በቋጠረችበት ጫፍ ላይ ነበር፣ ማንም አልነካውም።

«ሁለተኛ ስንቅ እንዳታመጡ» አለ ዘቡ።

እማዬ እዚያው በሩ ላይ፣ ክልክል መሆኑን እያወቀች፣ እሪ አለች። የወንድሜን ስም እየጠራች አለቀሰች፤ የሌሎቹን ልጆች ስም አናውቅም ነበር።