የመገጭ ዓሦች መንገድ

ጣልያን ከወጣ ጥቂት ዓመታት በኋላ ተድሬ ጠዳ አጠገብ፣ መገጭ ወንዝ ዳር ገባሁ። ባለቤቴ ገበሬ ነው፤ ክረምቱ ሲወጣ ግን ዓሣም ያጠምዳል። ውሃው መጥራት ሲጀምር ዓሦቹ ከጣና ተነሥተው ሽቅብ ይመጡና ጠጠሩ ላይ እንቁላላቸውን ጥለው ይመለሳሉ። በዚያ ሰሞን ሰዉ የብርብራ ፍሬ ወቅጦ ወንዙ ላይ ይበትናል። ብርብራ ዓሣ ያሰክራል፤ ትልቁም ጫጩቱም በጀርባው ይንሳፈፋል። ትልልቁ ይለቀማል፣ የቀረው እዚያው ይሸታል። እኔ እዚያ ከገባሁ ወዲህ እንኳ ዓሣው ዓመት በዓመት ሲሳሳ አይቻለሁ።

አንድ የጥቅምት ማለዳ ውሃ ልቀዳ ወረድኩ። ጎረቤታችን የሆኑ አንድ ሽማግሌ ለሽንኩርታቸው ውሃ ሊጠልፉ ወንዙን ከዳር እስከ ዳር በድንጋይ ገድበውታል። ከግድቡ ሥር ዓሦቹ እየዘለሉ ከድንጋዩ ይላተማሉ፣ ይወድቃሉ፣ ደግመው ይዘላሉ። ሆዳቸው በእንቁላል ተወጥሯል። እንስራዬን አስቀምጬ ባለቤቴን ጠራሁት። መረቡን ይዞ እየሮጠ መጣ፤ ሆዳቸውን ሲያይ ግን መረቡን መሬት ጣለው።

«እነዚህን ዛሬ ብንጨርስ ለከርሞ ምን ይመጣል?» አለኝ።

ቀጥታ ሽማግሌው ዘንድ ሄድን። «አያ፣ ግድቡን በአንድ ጎኑ ብንከፍተውስ?» አላቸው።

«ምነው ልጄ፣ ለዓሣ ብዬ ሽንኩርቴን ላድርቅ?»

ባለቤቴ የቦዩን አፍ ዝቅ አድርጎ ሊቆፍርላቸው ቃል ገባ፤ ያኔ ግድቡ ቢከፈትም ውሃው ወደ ማሳው ይገባል። ሽማግሌው ባያምኑትም እሺ አሉ። ሲቆፍር ሰነበተ፤ እኔም አፈሩን አወጣሁ። መንገደኛው ሁሉ ይስቅብን ነበር።

ውሃው ቦዩን ሞልቶ ሽንኩርቱ ሲጠጣ አዩና ሽማግሌው ራሳቸው ድንጋዩን አነሡ። የመጀመሪያው ዓሣ በክፍተቱ ሽቅብ ሲሾልክ ወገባቸውን ይዘው ቆሙ። «ሸጋ ነው» አሉ ቀስ ብለው።

በማግስቱ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የብርብራውን ነገር ያነሡት እሳቸው ናቸው። ብዙ ሰው አጉረመረመ፤ ብርብራውን የደበቀም አልጠፋም። ሆኖም ዓሣ በሚወጣበት ወራት ብርብራ እንዳይወቀጥ፣ ከብትም ጠጠሩን እንዳይረግጥ የአገሩ ሽማግሎች ተስማሙ። እኔ ከብት በናደው ዳር ላይ የአኻያ ቅርንጫፍ ተከልኩ፤ አብዛኛው ጸደቀ።

ዓሣው ግን ቶሎ አልበዛም፤ ዓመታት ፈጀ። ባለቤቴ በመረቡ እንቁላል ያዘለች ከገባች መልሶ ይለቃታል። ድስቱን ጥጄ ስጠብቅ ባዶ እጁን ፈገግ ብሎ ይመጣል፤ እኔም እየተነጫነጭኩ ሽሮ እሠራለሁ።