ወደ ውስጥ የሚባል አዎ

«ለቀባሪው አረዱት» የሚባለው እንደ ቆንጅት ላለችው ነው። ደሴ አሥራ ስድስት ዓመት ፊዚክስ ያስተማረች ሴት፣ በዚህ ክረምት ካናዳ፣ ካልጋሪ ላይ ተቀምጣ ባትሪ ፕላስና ማይነስ እንዳለው ትማራለች። አሠልጣኙ ትሬቨር ደግሞ በዕድሜ ልጇ ይሆናል።

ሥልጠናው ሦስት ሳምንት ነው፤ የሃይስኩል ተማሪና መምህር እየተጣመሩ ሮቦት ይሠራሉ። ቆንጅት ግን በምትሠራበት ትምህርት ቤት የመምህር ረዳት እንጂ መምህር አይደለችም፤ እርሳስ ታድላለች፣ የሚረብሽ ልጅ ታባብላለች። ዳይሬክተሯ ቃል ገብታላታለች፤ ትሬቨር ጥሩ ሪፖርት ከጻፈላት፣ ከመስከረም ጀምሮ የሮቦት ክለቡን የምትመራው እሷ ናት። እንደገና ሰሌዳ ፊት መቆም ማለት ነው፤ ሰባት ዓመት የጠበቀችው ይኼንኑ ነው።

ትሬቨር አንድ ነገር ባስረዳ ቁጥር «ገባሽ?» ይላታል። ገብቷታል። ገና ከመመለሷ ግን ሰውየው ደንግጦ ያያትና፣ አይዞሽ፣ ቀስ እንላለን ብሎ ከሀ ሁ ይጀምራል። ሞተሩን ሦስቴ አስረዳት፤ ሴንሰሩን አራቴ። አንድ ቀን ጭራሽ የሮቦቱን ገመድ ነቀለና፣ አሁን ምንም አያደርግሽም አላት። ቆንጅት ጥርሷን ነክሳ ቻለችው። እንግሊዝኛዬ ይሆን እንዴ እያለች፣ አውቶቡሱ ሰፈሯ ሳቫና እስኪያደርሳት ስትብሰለሰል ትሄዳለች።

ጥንዷ ናሆሚ የዚያው ትምህርት ቤት ተማሪ፣ እዚሁ የተወለደች የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ናት፤ አማርኛ ትሰማለች እንጂ እምብዛም አትናገርም። ሮቦታቸው ወደ ግራ እየሳበ ሲያስቸግር፣ ቆንጅት አንዴ አየት አድርጋ ክብደቱ ማጋደሉን ነገረቻት። ባትሪውን ወደ መሀል አመጡት፤ ቀጥ ብሎ ሄደ። ያን ጊዜ ትሬቨር ሌላ ጠረጴዛ ላይ ነበር።

በመጨረሻው ሐሙስ ሪፖርቱን አሳያት። «ሮቦት ያስፈራታል፤ ስትጠየቅ ትደነግጣለች፤ በረዳትነቷ ብትቀጥል ይሻላል» ይላል። ደሟ ፈላ። ሰባት ዓመት ረዳት፣ አሁንም ረዳት። መቼ ነው የደነገጥኩት ብላ ጠየቀችው። ሁልጊዜ አላት ትሬቨር እየፈራ፤ ገባሽ ስልሽ እንዲህ ትሆኛለሽ ብሎ፣ አፉን ከፈት አድርጎ ትንፋሹን ሽው አድርጎ ወደ ውስጥ ሳበው።

ናሆሚ ጠረጴዛው ላይ ተደፍታ ሳቀች።

«እትዬ ቆንጅት፣ ሊትረሊ እኮ አዎ እያሉት ነው። እማዬም ላይክ እንደዚህ ናት» አለችና፣ ለትሬቨር በእንግሊዝኛ አስረዳችው፤ እኛ ዘንድ ትንፋሽ ወደ ውስጥ ሲሳብ፣ እሺ፣ አዎ፣ ገብቶኛል ማለት ነው።

ቆንጅት እንዲህ ማድረጓን ዕድሜዋን ሙሉ አታውቅም ነበር። ደሴ ሁሉም ሰው ያደርገዋል፤ ማን ይንገራት? አፈረች፤ ከማፈሯ ይልቅ ግን ተናደደች። ለአንዲት ትንፋሽ ሦስት ሳምንት ሙሉ ፕላስና ማይነስ ተማረች።

ትሬቨር ፊቱ ደም መስሎ ወረቀቱን ቀደደው። የሮቦቱን ባትሪ ወደ መሀል ያመጣው ማን እንደሆነም ናሆሚ ነገረችው። ሌላ ወረቀት አወጣና፣ ክለቡን ትመሪያለሽ ወይ ብሎ ጠየቃት። ቆንጅት ያቺ ትንፋሽ እንዳታመልጣት አፏን በእጇ ያዘች። ከዚያ እጇን አንሥታ፣ «የስ» አለች፤ አዳራሹ በሙሉ ዞሮ አያት።

ትሬቨር ወደ ናሆሚ ዞሮ፣ አንቺስ፣ ክለቡ ውስጥ ትገቢያለሽ አላት።

አማርኛ አትችልም የምትባለው ልጅ ትንፋሿን ሽው አድርጋ ወደ ውስጥ ሳበች። ትሬቨርም ሳያስደግማት ጻፈው።