ወንድሜ በየወሩ የሚከፍልበት ጌም

ከወንድሜ ጋር ሦስት ዓመት ሙሉ የተጨቃጨቅነው በአንድ ነገር ነው። ጌሙ ያዋጣል ወይስ አያዋጣም? እኔ አያዋጣም ባይ ነበርኩ። ግልፍተኛ ነኝ፤ ልክ ነኝ ካልኩ ደግሞ የሚመልሰኝ የለም። እሱ አይከራከርም፣ ዝም ብሎ ይከፍላል። እማ በሁለታችን ትስቅ ነበር። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው፣ አንዱን ድምፅ የሌለው አንዷን ጯሂ አድርጌ ወለድኩ ትላለች።

እኔ መካነ ሰላም፣ ከመናኸሪያው ዝቅ ብሎ ባለ ፎቶ ኮፒ ቤት ነው የምሠራው። ማመልከቻ እተይባለሁ፣ የተማሪ ሰርተፊኬት አባዛለሁ፣ ለሰው በኢንተርኔት ፎርም እሞላለሁ። ስለዚህ የኢንተርኔትን ነገር እኔ ነኝ የማውቀው እል ነበር። ወንድሜ ጅዳ ነው፤ ውሃ የሚያመላልስ ቦቴ ይነዳል። ከሄደ ሰባት ዓመት ሞላው። የመኖሪያ ፈቃዱ ነገር ስላልተስተካከለ ደርሶ መመለስ አይችልም፤ ከወጣ ወጣ ነው። እማ አላህ ከወፈቀኝ፣ ለሐጅ ካበቃኝ እኔው ሄጄ አየዋለሁ ትል ነበር።

ልጆች እያለን ከትምህርት ቤት ስንመለስ ጌም ቤት ገብተን ኳስ እንጫወት ነበር። ከዚያ ሁሉ ወንድ መሀል ሴት እኔ ብቻ ነኝ፤ እሱ አጠገቤ ስላለ ማንም አይናገረኝም። ጅዳ ከገባ ከአራት ዓመት በኋላ በአገር ሰው እጅ አንድ ጆይስቲክ ላከልኝ። ያለኝ ከሥራ ቦታዬ የተጣለ አሮጌ ላፕቶፕ ነው፤ ይሄ እንዴት ጌም ይችላል ስለው እሱ አይቸግርሽ አለኝ። ጌሙ ላፕቶፑ ውስጥ አይገባም። የሆነ አገር ባለ ትልቅ ኮምፒውተር ላይ ይከፈትና ለእኛ ምስሉ ብቻ በኢንተርኔት ይመጣልናል፤ ቁልፍ ስንጫን ደግሞ ትእዛዙ ወደዚያ ይሄዳል። ለሁለታችንም በየወሩ የሚከፍለው እሱ ነው። ደመና ላይ ነው ያለው ይሉታል ሲለኝ፣ ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይሄ ነው አልኩት።

የእኛ ኮኔክሽን ደግሞ ይታወቃል። እኔ ምታ ስለው ተጫዋቹ የሚመታው የወሎን ሰላምታ አዳርሶ ሲያበቃ ነው። ዝናብ ከጣለ ስታክ ያደርጋል፣ ምስሉ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ መብራት ከሄደ ጭራሽ የለም። በዚያ ላይ ጌሙ የእኛ አይደለም፤ መክፈል ያቆምን ዕለት በእጃችን የምትቀር አንዲት ነገር የለችም። በዚህ ሁሉ ወር በከፈልከው ደሴ ወርጄ ያገለገለ የጌም ማሽን እገዛበት ነበር አልኩት። አንድ ቀን ሒሳቡን በወረቀት አስልቼ ፎቶ አንስቼ ላክሁለት። አይቶ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? ይቆይ አለኝ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ብዬ ሰደብኩት፤ ሳቀ፣ ወሩ ሲደርስም ከፈለ።

እማ የስልክ ሰው አልነበረችም። ስልክ ሲደወል ከመቀመጫዋ ትነሳና ቆማ ነው የምታወራው፣ ቶሎ እንድትጨርስ። ደህና ነህ? በላህ? አላህ ይጠብቅህ፣ በል ዝጋው፣ ሒሳብህ አለቀ። ይኸው ነው። በኢንተርኔት የሚደወለው ሒሳብ አይቆጥርም ብንላት አታምንም፤ ነጻ የሚባል ነገር የት አገር አለ ትለናለች። ልጇ በፀሐይ የሠራው ገንዘብ በእሷ ወሬ ሲፈስ ይታያታል። ስልኩን ዘግታ ከተቀመጠች በኋላ ነው ያልጠየቀችው ሁሉ ትዝ የሚላት፤ ያን ጊዜ እኔን ስትነዘንዘኝ ትውላለች።

ጌሙ ግን ሌላ ነው። ወንድሜ አንድ ቀን፣ እማ ይሄ በወር አንዴ ተከፍሎበታል፣ ብታወሪም ባታወሪም ያው ነው አላት። ይቺ ገባቻት። የተከፈለበት ነገርማ መባከን የለበትም ብላ ከዚያን ቀን ጀምሮ የከሰዓቱን አስር ሰላቷን ሰግዳ፣ ምስሯን በሰፌድ ይዛ መደቡ ላይ ከጎኔ ትቀመጣለች። የእነሱ ሰዓትና የእኛ አንድ ነው፤ እሱም ሥራውን ፈትቶ የሚገባው በዚያው ሰዓት ነው። እስከ መግሪብ፣ ፀሐይ እስክትጠልቅ፣ እኛ እንጫወታለን፣ እሷ ምስሯን እያንገዋለለች ታወራለች። የማን ላም እንደወለደች፣ ወንድሟ ባሉበት በከላላ ዝናብ መግባቱን፣ ማን ማንን እንዳገባ። ወሬዋ ሲያልቅ አላህን እያወሳች ዚክሯን ታደርጋለች፤ ሲሰለቻት ደግሞ ጌሙን ታያለች። አንድ ጊዜ ጌሙ ውስጥ ዝናብ ሲዘንብ አይታ፣ እነዚህ ልጆች እናት የላቸውም ወይ፣ ማን ነው በዚህ ዝናብ የሚያስሮጣቸው አለች። ወንድሜ ሳቁ አላስችል ብሎት ጎል አገባሁበት።

እኔን ግን ታናድደኝ ነበር። ሰፌዱ ይንሿሿል፣ እሷ ታወራለች፣ እንዴት ብዬ ልጫወት? አንዳንዴ አግዢኝ ብላ ሰፌዱን ትሰጠኛለች፤ አንዴ ሳንገዋልለው ግማሹ መሬት ነው። «አፈሰስሽው!» ብላ ትነጥቀኛለች። ሁልጊዜ ያቺኑ ቃል። አንድ ቀን ነደደኝና ወንድሜን፣ ማይኩን ልዝጋው ወይ፣ በሰላም እንጫወት አልኩት። «ተይው!» አለኝ። ያ ዝምተኛ ሰው ሲቆጣኝ ያን ቀን ብቻ ነው የሰማሁት። ለምን እንደተቆጣ እንኳን አልጠየቅሁትም፤ ማይኩም ከዚያ ወዲያ ተዘግቶ አያውቅም።

እማ ማክሰኞ ቀን ጎህ ሲቀድ ሱብሂ ሰግዳ ስትነሳ ወደቀች። ሐኪም ቤት አድርሰናት ነበር፤ የደም ግፊት ነው አሉ። ረፋዱ ላይ አለፈች፣ በቀትሩ ዙሁር ሰላት ሰገዱባትና ቀበሯት። ጠዋት ያነጋገረችኝን እናቴን ከሰዓት አፈር አለበሷት። አልቅሼ አልወጣልኝ አለ። የቅሬው፣ የእድራችን ሰዎች ድንኳን ጣሉ፣ ቤቱ በሰው ሞላ። የእማ ታላቅ ወንድም፣ አጎቴ፣ ከከላላ ሲደርሱ ቀብሩ አልፏቸው ነበር።

አጎቴ ዓይናቸውን እንኳን ሳይጠርጉ መጀመሪያ የጠየቁት ወንድሜ ሰምቶ እንደሆነ ነው። አልሰማም። መርዶ በእኛ አገር በስልክ አይነገርም፤ ሽማግሌ ሄዶ፣ ደግፎ የሚይዝ ሰው ባለበት ነው የሚነገረው። ወንድሜ ደግሞ መሪ ላይ ነው የሚውለው። ቦቴውን እየነዳ ብቻውን ቢሰማስ? ጅዳ አንድ የአገራችን ሰው አለ፣ በዕድሜ የገፋ፤ እሱ ከሥራ የሚወጣው ጁምዓ ብቻ ነው። እስከ ጁምዓ ይደበቅ ተባለ። ድንኳኑ ውስጥ ያሉት ወጣቶች ሁሉ በስልካቸው አንዲት ነገር እንዳይለጥፉ አጎቴ አንድ በአንድ ቃል አስገቧቸው።

እኔ ግን ሌላ ነገር አውቃለሁ። አስር ሰላት ሲደርስ ወንድሜ ጌሙ ላይ ይጠብቀኛል። ካልገባሁ ይደውላል፤ ካላነሳሁ ጎረቤት ሁሉ ጋ ይደውላል። ይህንኑ ለአጎቴ ነገርኳቸው። አጎቴ ጌም ሐራም ነው፣ ሴት ልጅ ምን ቆርጧት ሲሉኝ የኖሩ ሰው ናቸው።

«ግቢና ተጫወቺ» አሉኝ። «ወንጀሉ በእኔ።»

ላፕቶፑን ይዤ ጓዳ ገባሁና የእህሉ ጆንያ ላይ ተቀመጥኩ። የሴቶቹ ለቅሶ በግድግዳው አልፎ ይመጣል። ገና ከመክፈቴ ማይኩን ዘጋሁት፤ ከዚያ ማይኬ ተበላሽቷል፣ በጽሑፍ እናውራ ብዬ ጻፍኩለት። እሺ ብሎ መለሰልኝ፣ ሌላ ነገር የለም። ጀመርን። ጆይስቲኩ በእንባዬ ያሟልጨኛል፤ ግን አሸነፍኩት። አራት ለባዶ። ሦስት ዓመት ሙሉ እንደዚያ አሸንፌው አላውቅም። ኮኔክሽኑ እሱ ጋ ነው ዛሬ የባሰው አልኩ በሆዴ።

ረቡዕም ገባሁ። ኳሷን ይዞ እየሄደ እያለ ተጫዋቹ ሜዳው መሀል ቀጥ ብሎ ቆመ። የእኔ ልጆች ይሮጣሉ፣ የእሱ አይንቀሳቀስም። ስታክ አደረገብህ ወይ ብዬ ጻፍኩለት። ብዙ ቆይቶ አዎ አለኝ። ይሄ ጌም አያዋጣም ብዬህ አልነበር ብዬ ልጽፍ ጀምሬ ተውኩት። ጎረቤታችን ሰሃን ፍለጋ ጓዳ የገባችው በዚያው ሰዓት ነው። ጆይስቲክ በእጄ አየች። የእናቷ አፈር ሳይደርቅ ጌም ትጫወታለች ብላ ለሴቶቹ ስታወራ በግድግዳው ሰማኋት። ሌላ ጊዜ ቢሆን እኔን ያየ! ያን ቀን ግን ሆድ ይፍጀው ብዬ መጫወቴን ቀጠልኩ።

ሐሙስም ተጫወትን። ወንድሜ ሦስቱንም ቀን ስለ እማ አንዲት ቃል አልጠየቀኝም። ሌላ ጊዜ ከኳሱ በፊት የሚጠይቀው እሷን ነው። እኔ ሞኟ አልሐምዱሊላህ አልጠየቀኝም፣ ከመዋሸት ተረፍኩ ብዬ ደስ አለኝ። ለአጎቴም ምንም አልጠረጠረም አልኳቸው። መረቁኝ።

ጁምዓ ከሰላት በኋላ ያ የአገራችን ሰው ደወለ። አጎቴ ስልኩን ጆሯቸው ላይ ይዘው ብዙ አዳመጡ፣ ከዚያ ለእኔ ሰጡኝ። ሰውየው፣ ልጄ፣ እኛ መርዶ ይዘን ሄድን፣ እሱ ምንጣፍ አንጥፎ ጠበቀን አለኝ። በሩን ከፍቶላቸው፣ አውቄያለሁ፣ ግቡ፣ ተቀመጡ ብሏቸዋል። ከማክሰኞ ጀምሮ ያውቃል።

ማን ነገረው ብዬ ጮህኩ። ከወጣቶቹ አንዱ ቃሉን አፍርሷል ብዬ ልጣላ ተነስቼ ነበር። ሰውየው ስልኩን ለወንድሜ ሰጠው።

«ማንም አልነገረኝም» አለኝ። «ማይኩን ስትዘጊው ነው ያወቅሁት። እማ ባለችበት ማይክ አይዘጋም።»

ለምን አልጠየቅከኝም አልኩት።

«ብጠይቅሽ ትዋሺኛለሽ። በእማ ለቅሶ ላይ እንድትዋሺ አልፈለግሁም።»

ያ ተጫዋች ሜዳው መሀል የቆመው ስታክ አድርጎ አልነበረም። ወንድሜ ጆይስቲኩን አስቀምጦ እያለቀሰ ነበር። ጠዋት ጠዋት ደግሞ ተነስቶ ቦቴውን ነድቷል፤ ሦስት ቀን ሙሉ፣ ብቻውን፣ መሪ ላይ። እኛ ድንኳን ሙሉ ሰው ይዘን፣ ሽማግሌ ይዘን፣ እንዲህ እንዳይሆን ብለን የደበቅነው ነገር እንደዚያው ሆነ። እሱ ለእኔ አዝኖ ጎል እንዳገባ ሲተውልኝ እኔ ኮኔክሽን ነው እላለሁ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። አብሽሪ፣ አይዞሽ፣ አንቺ ምን ታደርጊ ይሉኛል፤ አልበሽርም።

ድንኳኑ ተነሳ፣ አጎቴም ወደ ከላላ ተመለሱ። ለቅሶ ደራሹ ሲቀንስ ቤቱ ጭር አለ፣ እኔም ጌሙን አልከፍተውም ነበር። ወሩ ሊሞላ ሁለት ቀን ሲቀረው ወንድሜ መልእክት ላከልኝ። ልክ ነበርሽ፣ አያዋጣም፣ በዚህ ወር ላቋርጠው ይላል። ሦስት ዓመት ልክ ነበርሽ እንዲለኝ ስጠብቅ ኖሬ፣ ሲለኝ ስልኬን አስቀምጬ አለቀስኩ። ያን ሁሉ ወር የከፈለው ለኳስ አልነበረም። ስልክ ላይ ቆማ ሦስት ቃል የምትናገር እናት ያለችው ሰው፣ እሷ ተቀምጣ እንድታወራ ነበር የሚከፍለው። እኔ ያን ሒሳብ በወረቀት አስልቼ ስልክለት እማ ከጎኔ ምስር ትለቅም ነበር፤ እሷን አላሰላኋትም።

አስር ሰላት ካለፈ በኋላ ላፕቶፑን መደቡ ላይ፣ በቦታው አስቀመጥኩት። እሱም ገባ። ሁለታችንም አልተጫወትንም፤ ልጆቹ ሜዳው ላይ ቆመዋል። ማይኩን ከፈትኩት። ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ሰፌድ አወረድኩና፣ እማ ሳትጨርሰው የሄደችውን ምስር አፍስሼበት ማንገዋለል ጀመርኩ። እሱ ከወዲያ ማዶ ያዳምጣል፤ ትንፋሹ ይሰማኛል። ሦስት ጊዜ አንገዋልዬ በአራተኛው ከእጄ አመለጠኝና ምስሩ ሲሚንቶው ላይ ተበተነ።

«አፈሰስሽው» አለኝ።

ተንበርክኬ ምስሩን መልቀም ጀመርኩ። እንባዬ ምስሩን አላሳይ እያለኝ፣ ዳግመኛ ስለማቋረጥ እንዳታነሳብኝ አልኩት።

«ክፈለው።»