አዋሽን የሰጠሁ ዕለት

ልጅ ሳለሁ የማውቀው ዛፍ ባሕር ዛፍ ብቻ ነበር። አቃቂ ባቡር ጣቢያ አጠገብ፣ ከምንኖርበት የሠራተኞች ቤት ጀርባ ችምችም ብሎ የበቀለ ባሕር ዛፍ ነበረ፤ ገና ክንድ ሲያክል ለአጥርና ለማገር እየተቆረጠ ስለሚሄድ አንዱም ወፍሮ አያውቅም። ስለዚህ እቴቴ «የአዋሽ ሾላ ሥር የአንድ ባቡር ሰው ተቀምጦ ቦታ ይተርፋል» ስትለኝ፣ አፌን ከፍቼ እሰማት ነበር እንጂ አላምናትም ነበር።

እቴቴ የአባቴ ታላቅ እህት ናት። እናቴ እኔን በወለደች በዓመቱ ሞተች፤ አባቴ ደግሞ ባቡር ላይ ትኬት ተቆጣጣሪ ስለነበረ ከቤቱ ይልቅ ድሬዳዋ የሚያድርበት ጊዜ ይበልጥ ነበር። ያሳደገችኝ እሷ ናት። ባሏ አዋሽ ላይ ሀዲድ ጠጋኝ ነበር፤ እዚያው ሞቶ እዚያው ተቀበረ። የእናቴን ሞት እንደሰማች ቤቷን አከራይታ፣ አንድ የእንጨት ሣጥንና አንድ ፋኖስ ይዛ አቃቂ መጣች። ፋኖሱ ባሏ ሀዲድ ሲጠብቅ ይዞት የሚዞረው ነበር፤ ባንድ በኩል ቀይ መስታወት አለው። ክረምት መብራት የማይጠፋበት ማታ ስላልነበረ በየቀኑ ማለት ይቻላል እሱን ታበራለች፤ ያኔ የክፍላችን ግማሽ ቀይ ይሆናል።

ማታ ማታ እኔና እሷ ብቻ ነበርን። ከግድግዳው ወዲያ የጎረቤት ልጆች በአንድ አልጋ ተደራርበው ሲሳሳቁና ሲደባደቡ ይሰማኛል፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ደግሞ እነሱም አይሰሙኝም። ብቸኝነት የሚባለውን ቃል ባላውቀውም፣ እዚያ ግድግዳ ላይ ጀርባዬን አስደግፌ መቀመጥ እንደምወድ አስታውሳለሁ። እቴቴ የከሰሉን ምድጃ ወደ እግሬ ትገፋልኝና የበቆሎ እሸት ታገላብጥበታለች። እሸቱ ሲንጣጣ፣ ፍሙ ላይ ዓይኗን ተክላ «እንቆቅልሽ» ትላለች። «ምን አውቅልሽ» እላለሁ።

ያኔ ተረት የሚመጣው ከእንቆቅልሽ በኋላ ነው። መልሱን ያጣ ሰው አገር ይሰጣል፤ የተቀበለው ደግሞ በተሰጠው አገር ገብቶ ይፎክራል። ሌሎች ልጆች ጎንደርንም ሐረርንም ያላዩትን አገር ሁሉ ይሰጣሉ። እኔ የምሰጠው ግን የባቡር መስመሩን ነበር፤ አባቴ የሚያወራልኝ አገር እሱ ነዋ። ዱከምን ያለ ሐሳብ እሰጣለሁ። ሞጆን እሰጣለሁ። ናዝሬት በስንት ልመና ናት የምትወጣው፤ እሷን ያገኘች ዕለት እቴቴ ተነሥታ ነጠላዋን ታደገድጋለች፦ «ናዝሬት ገብቼ፣ ፓፓያ በልቼ፣ በጋሪ ዞሬ፣ ሙሉዬን በር ላይ አስቁሜ!» ሙሉዬ የምትለው እኔን ነው፤ በሣቅ ፍርፍር እላለሁ፤ ከግድግዳው ወዲያ ያሉት ልጆች እንኳ ዝም ብለው ያዳምጣሉ።

«በቃ ዛሬ አዋሽን ስጪኝ» ትለኛለች አንዳንዴ።

«አዋሽን አልሰጥም!»

«ምነው? እኔ የኖርኩበት አገር አይደለም እንዴ?»

«ሾላውን ሳላየው?»

ይኼን ስላት ደስ ይላታል። አቃቂን ግን አንድም ቀን ጠይቃኝ አታውቅም።

ከዚያ ተረቱ ይመጣል፤ ተረቱ ደግሞ ዞሮ ዞሮ ስለዚያው ሾላ ነው። ባቡሩ ገና ሲሠራ ፈረንጁ መሐንዲስ ቆብ አድርጎ፣ ገመድ አስይዞ መጣና ዛፉን «ተነሥ፤ በአንተ ላይ ነው የማልፈው» አለው። ሾላው «እንግዶች አሉብኝ፣ ልጠይቃቸው» አለ። ዝንጀሮዎቹን ጠየቀ፣ እንቢ አሉ። ንቦቹን ጠየቀ፣ መልሳቸውን መሐንዲሱ አፍንጫ ላይ አሳዩ። ወፎቹ ገና ሲመክሩ ፀሐዩ በረታና ሰውየው «እስኪወስኑ ድረስ» ብሎ ጥላው ሥር ጋደም አለ። ሲነቃ መሽቷል። ተነሥቶ ቆቡን አራገፈና መስመሩን አጠመመው። «ባቡሩ እዚያ ጋ የሚዞረው ለዚህ ነው» ትላለች እቴቴ፣ በዓይኗ እንዳየች ሰው። አንዳንድ ማታ መሐንዲሱ ራሱ እንግዳ ሆኖ ይቀራል፤ አንዳንድ ማታ ሚስቱ መጥታ ትወስደዋለች። ለምን እንደሚለዋወጥ ስጠይቃት «እኔ ምን ላርግ፣ እሱ ነው የሚለዋወጠው» ትለኛለች።

አንድ ክረምት፣ ትምህርት ቤት ተዘግቶ አቃቂ በጭቃ በተዋጠችበት ሰሞን፣ አባቴ የዓመት ዕረፍቱን አገኘ። ለሠራተኛ ቤተሰብ የሚሰጠውን የነጻ ጉዞ ወረቀት ይዞ መጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና «አዋሽ እንሄዳለን። ፓርኩን እናያለን። ያንንም ዛፍ» አለ። ብዙ የማይናገር ሰው ስለነበር ይኼ ለሱ ትልቅ ንግግር ነው። እኔ ጮህኩ፤ እቴቴ ግን የምድጃውን አመድ ታስተካክል ነበር። ስንነሣ ሣጥኗን ያዘች፤ ፋኖሱን ግን ከተሰቀለበት ሚስማር አላወረደችውም። ልጅ ነኝና ለምን ብዬ አልጠየቅሁም።

ባቡሩ ውስጥ መስኮት ዳር ተቀምጬ የሰጠኋቸውን አገሮች አንድ በአንድ አየሁ። ሞጆ ያን ያህል ትልቅ መሆኗን ባውቅ ኖሮ በቀላሉ አልሰጣትም ነበር። ከናዝሬት ወዲያ ጭቃው ቀረ፣ ሙቀቱ መጣ፣ ግራሩ በዛ። ባቡሩ በታጠፈ ቁጥር «እዚህ ጋ ነው የዞረው?» እላለሁ። «ቆይ ገና ነው» ትላለች እቴቴ። መተሐራ ስንደርስ ነጠላዋን አውርዳ ትከሻዋ ላይ ጣለች፤ ፊቷ ሌላ ሰው ሆነ። አዋሽ ጣቢያ ላይ የሚሸጡት ሴቶች በስሟ ጠሯት። እኔ እቴቴ ስም እንዳላት ረስቼ ነበር።

ሣጥኗን እነሱ ዘንድ አስቀመጠች። እኛም አባቴ በሚያውቀው ሾፌር ፒካፕ፣ ከኋላ ተቀምጠን፣ አቧራ እየበላን ፓርኩ ገባን። ወንዙ በክረምቱ ጎርፍ ሞልቶ ቡናማ ሆኖ ያገሳል፤ ሾላውም ዳሩ ላይ ነበር።

ከሀዲዱ በጣም ሩቅ ነው። መጀመሪያ ያየሁት እሱን ነው፤ በዚያ በኩል ባቡር አልፎ አያውቅም። እቴቴን ቀና ብዬ ሳያት «አየሽ አይደል፣ ምን ያህል እንደዞረለት!» አለችኝ። የዛፉ ሥር ከመሬት ወጥቶ ከእኔ ቁመት በላይ እንደ ግድግዳ ቆሟል። ፍሬው ቅርንጫፍ አልበቃው ብሎ ግንዱ ላይ ተለጥፏል። ላዩ ላይ ጦጣ ይዘላል፣ ወፍ ይጨቃጨቃል፤ ጥላው ሥር የእውነት የአንድ ባቡር ሰው ያስቀምጣል። እቴቴ አልዋሸችኝም ነበር።

«እንቀፈው» አልኩ። አባቴን በአንድ እጄ፣ እቴቴን በሌላው ይዤ፣ ጉንጫችንን ልጡ ላይ አስደግፈን ተዘረጋን። አልደረስንም። ከዛፉ ወዲያ የአባቴና የእቴቴ እጅ ሳይገናኝ ቀረ። ሌላ ሰው ልጥራ ብዬ ዞር አልኩ፤ ሾፌሩም እንጨት ሊለቅም ሄዶ ማንም አልነበረም። ሦስት ብቻ መሆናችን ያኔ ነው የታወቀኝ።

ፀሐይ ስትጠልቅ አባቴና ሾፌሩ እሳት አነደዱ። የደረቀ ግራር ነበር፤ ጭሱ ቀጥ ብሎ ወጥቶ ከቅጠሉ መሐል ይጠፋል። እቴቴ ጀርባዋን ሾላው ላይ አስደግፋ፣ እግሯን ዘርግታ፣ ጫማዋን አውልቃ ተቀምጣለች። አቃቂ አንድም ቀን እንደዚያ ተቀምጣ አላየኋትም። እዚያ ሁልጊዜ በርጩማው ጫፍ ላይ ነበረች፤ አሁኑኑ ተነሺ ብሎ የሚጠራት ሰው ያለ ይመስል።

«እንቆቅልሽ» አለችኝ።

«ምን አውቅልሽ።»

«ቀን አብራኝ ትውላለች፤ ሲመሽ ሳትሰናበተኝ ትሄዳለች።»

አወቅሁት። ወዲያው ነው ያወቅሁት፤ ቀኑን ሙሉ ሥሯ ተቀምጬባት እንዴት ይጠፋኛል? ጥላ ናት። አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግን የእቴቴን ፊት አየሁት፤ እሳቱ እያበራው፣ ደስ ብሎት፣ ያረፈ ፊት። ስንት ክረምት ሙሉ የለመነችኝ ነገር ትዝ አለኝ። ሾላውንም አይቼዋለሁ። አንድ ነገር ልሰጣት ፈለግሁ፤ ያለኝ ደግሞ እሱ ብቻ ነበር።

«አላወቅሁም» አልኩ።

«አገር ስጪኛ!»

«አዋሽን ሰጥቼሻለሁ።»

ትፎክራለች ብዬ ጠበቅሁ። አዋሽ ገብቼ፣ ሾላ ሥር ተኝቼ፣ ወንዙን ደጄ አድርጌ፣ እንድትል። አልፎከረችም። መልሱንም አልነገረችኝም። ራሴን ወደ ጭኗ ስባ «ተቀብያለሁ» አለችና ጸጉሬን ትዳብስ ጀመር፤ አባቴ ተነሥቶ ወደ ወንዙ ሄደ።

በማግስቱ አዋሽ ጣቢያ የመልሱን ባቡር ስንጠብቅ ሣጥኗ አልመጣም።

«እቴቴ፣ ሣጥንሽ!»

«ሣጥኑ እዚሁ ነው ሙሉዬ። እኔም እዚሁ ነኝ» አለች። ከዚያ ተንበርክካ ነገረችኝ። አባቴ ከመስቀል በኋላ ሚስት ያገባል። እቴቴ ሴትየዋን አይታታለች፤ ጥሩ ሰው ናት፣ እኔንም ትወደኛለች። አንድ ክፍል ቤት ለሁለት ሴት አይበቃም። እሷም ዕድሜዋ ገፍቷል፤ ባሏ አጠገብ፣ ቤቷ ብትገባ ይሻላል። ይህን ሁሉ ከፍልሰታ ጾም በፊት ከአባቴ ጋር ተመካክረው የጨረሱት ነው። እኔ ግን ከዚያ ውስጥ የሰማሁት የለም። ትናንት አዋሽን ሰጠኋት፤ ዛሬ ገባችበት። የገባኝ ይኼ ብቻ ነበር።

«መልሺልኝ!» ብዬ ጮህኩ። «አውቀው ነበር! ጥላ ናት! ጥላ ናት መልሱ! አውቄ ነው ዝም ያልኩት!»

«ታውቂው እንደነበር አውቃለሁ» አለች። «ለዚህ ነው ያልፎከርኩት።»

«እንለዋወጥ በቃ። አቃቂን ልስጥሽ።»

ያኔ ነው ያለቀሰችው። በነጠላዋ ጫፍ የእኔን ዓይን ጠረገች እንጂ የራሷን አልጠረገችም። «አቃቂን ከወሰድኩብሽ» አለች፣ «አንቺ የት ትገቢያለሽ?»

ባቡሩ ጮኸ። አባቴ ብብቴን ይዞ አነሣኝ።

ወለንጪቲ እስክንደርስ አለቀስኩ፤ ከዚያ ደከመኝ። ሞጆን ስናልፍ አባቴ፣ በሕይወቱ ተረትም እንቆቅልሽም አውርቶ የማያውቀው አባቴ፣ ጉሮሮውን ጠረገና «እንቆቅልሽ» አለኝ። ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ። ደግሞ አልጠየቀኝም። አቃቂ ስንገባ ዝናብ ነበር፤ ፋኖሱን ከሚስማሩ አውርዶ አበራው፤ ግማሽ ክፍላችን ቀይ ሆነ። ከግድግዳው ወዲያ ልጆቹ ይስቁ ነበር።

የአባቴ ሚስት እቴቴ እንዳለችው ጥሩ ሰው ሆና ተገኘች። ጸጉሬን ሠርታኛለች፣ አስተምራኛለች፣ ወንድም ሰጥታኛለች። ማታ ማታ ግን ቤቱ ሥራ የሚበዛበት ቤት ነበር። እቴቴን ሁለት ጊዜ ሄጄ አይቻታለሁ። ሁለቱንም ጊዜ እንቆቅልሽ አልተጫወትንም፤ እኔ አድጌያለሁ ብዬ፣ እሷ ደግሞ እኔ እስክጀምር ስትጠብቅ ይመስለኛል። በሦስተኛው የሄድኩት ለቀብሯ ነው። ሾላ የሚባል ነገር ያን ቀን ትዝ አላለኝም፤ የመጣብኝ ስመለስ፣ ባቡሩ በታጠፈ ጊዜ ነው።

አሁን ባቡሩ የለም። በኛ ሰፈር በኩል የነበረውን ሀዲድ ግማሹን ሣር ውጦታል፣ ግማሹ በመጋዘን አጥር ሥር ገብቷል። እኔ ከአቃቂ አልወጣሁም። አልፎ አልፎ ቱሉ ዲምቱ ወንድሜ ቤት ስሄድ፣ መብራት ጠፍቶ የልጆቹ ስልክ ቻርጅ ሲጨርስ፣ እንቆቅልሽ እጠይቃቸዋለሁ። ትንሿ መልሱ ሲጠፋት ሳታስብ «ዱባይን ሰጥቼሻለሁ» ትለኛለች፤ እኔም ተነሥቼ ዱባይ ገብቼ እፎክራለሁ። ይስቃሉ። መብራቱ ሲመጣ ሁሉም ወደየስልኩ ይሄዳል፤ እኔም ታክሲ ይዤ ወደ ቤቴ እመለሳለሁ።

እቴቴ ያን ቀን ያልወሰደችብኝን አገር እስካሁን ለማንም አልሰጠሁም። ለመስጠት ሰስቼ አይደለም። አገር ስጪኝ የምትለኝ ብትኖር፣ መልሱን እያወቅሁ እንኳ፣ ዛሬውኑ አቃቂን እሰጣት ነበር።