የጠበበው ቀሚስ

እህቴን አንድ ተራ ቀን ምን እንደሚያስከፍላት ቆጥሬ አውቃለሁ። ስድስት የተማሪ ሸሚዝ፣ ከሰዓት በኋላ የሚጀምር የወገብ ሕመም፣ አንድ የተሰበረ መርፌ፣ በካውያ የተለበለበ ጣት። እነዚህን ሁሉ እራት ሳይደርስ ትረሳቸዋለች። የማትረሳው ሌላ ነው። በቀን አሥር አሥራ አምስት ጊዜ እናቶች ልጆቻቸውን ይዘው ለልኬት ይገባሉ፤ እሷም ሜትሩን በሕፃን ወገብ ዙሪያ አዙራ "እንዴት አድጓል!" ትላለች። ይህችን ለማለት የምታወጣው ጉልበት ሌላ ስድስት ሸሚዝ ያሰፋ ነበር።

ልብስ ሰፊ ናት። በስምንት ዓመት ስለምትበልጠኝ እትዬ ነው የምላት። ሁለት ጊዜ አርግዛ ሁለቱም አልቆዩላትም። እኔ በሦስት ዓመት ውስጥ ሁለት ወለድኩ፣ ያውም ሁለተኛዋን ሳላስበው። ይቺን "ሳላስበው" የምትል ቃል እሷ ፊት ስንት ጊዜ እንዳወራኋት ሳስታውስ ምላሴን መንከስ ያምረኛል።

ቅናት ይዟታል፤ እኔ ግን አላወቅኩም። "ይቺ ልጅ ሌሊቱን ሙሉ አላስተኛችኝም" ብዬ ሳማርር የስፌት መኪናዋን ፔዳል ጠንከር አድርጋ ትረግጣለች፤ እኔ ሥራ የበዛባት ይመስለኛል። "ሚጣ፣ ከሰለቸሽ ለእኔ ስጪኝ" ትላለች እየሳቀች። እኔም እስቃለሁ። በኋላ እንደነገረችኝ፣ አንድም ቀን ቀልዳ አታውቅም።

የባሰው ግን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነበር። ሐሙስ ሐሙስ የሴቶች ጸሎት አለን። እትዬ ከፊት ተንበርክካ ልጅ ስትለምን፣ ሴቶቹ ትከሻዋን ይዘው "እንደ እህትሽ ያድርግልሽ" ይሏታል። እነሱ ይመርቃሉ፣ እሷን ግን ውስጧን ያቃጥላታል። ለምን ለእሷ? ምን ሠርታ? ለጸሎት እንኳ መነሳት አቅቷት የምትተኛዋ ሚጣ! እውነቷን ነው፤ እተኛ ነበር።

ሁለተኛዋ ልጄ ስድስት ወር ሲሞላት፣ እሑድ በቤተ ክርስቲያን ልናስባርካት ቀን ቆረጥን። ነጭ ጨርቅ ገዝቼ ለእትዬ ወሰድኩላት። ሱቁ ውስጥ የቀረው የመጨረሻው ቁራጭ ነበር። ልጅቷን ለካች፣ ጻፈች፣ "ረቡዕ ነይ" አለችኝ።

ረቡዕ ቀሚሱ ከልጅቷ ትከሻ አላልፍ አለ።

"ወፍራለች" አለች እትዬ ቀና ሳትል።

"በአራት ቀን?"

"እኔ ምን ላድርግ፣ ልኬቱ እዚያ ተጽፏል። አንቺ ጡትሽን ቀንሺላት።"

እኔም ልጄን "ሆዳም" እያልኩ አቅፌያት ወጣሁ።

በማግስቱ፣ ሴቶቹ ከመሰብሰባቸው በፊት፣ እትዬ ብቻዋን ቤተ ክርስቲያን ሄዳ ተንበረከከች። እንደ ልማዷ "ልጅ ስጠኝ" ልትል አፏን ስትከፍት ቃሉ እምቢ አላት። ፊቷ ድቅን ያለው መቀሱ ነው። ሰፊ ሁሉ ሲቆርጥ ለስፌት የሚሆን ጣት የሚያህል ትርፍ ጨርቅ ይተዋል፤ ልብሱ ቢጠብ ያ ይለቀቃል። እሷ ግን ያንን ሳትተው፣ እያወቀች፣ ከልኬቱም ወደ ውስጥ ገባ አድርጋ ቆርጣዋለች። ልጅቷ በነጭ ስታምር፣ ሰው ሁሉ እኔን እያየ "እልል" ሲል ቆማ ማየት እንደማትችል አውቃ ነበር።

"ጌታዬ፣ የእህቴ ደስታ ያመኛል" አለች።

ስንት ዓመት ስትጸልይ ይህን ያህል እውነት ለእግዚአብሔር ነግራው አታውቅም። አለቀሰች። ስትነሳ ደረቷ ላይ ተቀምጦ የኖረው ነገር ፈቀቅ ብሎላታል። "ይቅር ብሎኛል፤ ግን ሚጣን ሳትነግሪያት ቤትሽ አትገቢም ያለኝ መሰለኝ" ትላለች።

በቀጥታ መጣች። ልጄን እያጠብኩ ነበር።

"ልጅሽ አልወፈረችም" አለችኝ በሩ ላይ ቆማ። "እኔ ነኝ ያጠበብኩት። ሆን ብዬ።"

"ለምን?"

"ቀንቼ።"

እውነቱን ልናገር፤ ልጄን በፎጣ ጠቅልዬ ወደ ደረቴ ሳብኳት፣ ከገዛ እህቴ ላርቃት። እትዬም አየችኝ።

"በልጅ ልብስ?" አልኳት። "እኔን ስደቢኝ፣ ምቺኝ። በልጅ ልብስ?"

"አውቃለሁ።"

"ምን ታውቂያለሽ! እሑድ ምን ላለብሳት ነው?"

"እሱን ለእኔ ተዪው።"

መሄድ አልሄደችም፣ መግባትም አልገባችም። ልጅቷ ስታስነጥስ ነው የባነንኩት። ብርድ ሊመታት ነው። "ነይ ያዢያት፣ ልብስ ላምጣላት" አልኳት። ገብታ ተቀበለችኝ።

ነጩ ጨርቅ ስላልተገኘ እትዬ ቀሚሱን ፈትታ፣ ከብብት እስከ ታች በግራና በቀኝ ሰማያዊ ቁራጭ ጨመረችበት። እሑድ ጎረቤታችን ዳቦ ጋጋሪዋ አየችውና "ይሄ ደግሞ ምን የሚሉት ፋሽን ነው?" አለች።

"ፋሽን አይደለም፤ የእኔ ቅናት ነው" አለቻት እትዬ።

ዳቦ ጋጋሪዋ ሳቀች። እንደማትቀልድ ሲገባት ግን ጠጋ አለችና "እኔ በቀናሁበት ልክ ጨርቅ ልጨምር ብል፣ የገበያው ሁሉ አይበቃኝም" ብላ እጇን ያዘቻት።

ይኸው ሁለት ዓመት ሆነ። ልጅ አልመጣም። ቅናቱም ጨርሶ አልጠፋም። አንዳንድ ቀን ትደውልና "ሚጣ፣ ዛሬ ተነስቶብኛል" ትለኛለች፤ እኔም የያዝኩትን ጥዬ በስልክ አብረን እንጸልያለን። ድሮ ብቻዋን አፍና ታሳድገው ነበር። አሁን ተናግራው ወደ ሥራዋ ትመለሳለች። ፈውስ ሲባል ቶሎ የሚያልቅ ነገር ይመስለኝ ነበር፤ የእህቴ ግን እንደ መድኃኒት በየቀኑ የሚወሰድ ነው።

ታሪኳን ልጽፈው ብዬ ስጠይቃት ፈቀደችልኝ፤ አንድ መልእክት ግን አስያዘችኝ፦ "የምታነቡ ሁሉ፣ ለእኔ ስትጸልዩ 'ልጅ ስጣት' ብላችሁ ብቻ አታቁሙ፤ ያንን የሚለምንልኝ ሞልቷል። ሚጣ ሦስተኛዋን አርግዛለች፣ የነገረችኝ ትናንት ነው፤ እስካሁን 'እንኳን ደስ ያለሽ' አላልኳትም። ከልቤ እንድላት ጸልዩልኝ።"