ለየኔታ ያስተማርኩት የኩባ ምት

ነገሩ የሆነው በጃንሆይ ጊዜ፣ ጎንደር አቋቋም፣ የቤተ ክርስቲያኑን የከበሮና የመቋሚያ ዝማሬ፣ ስማር ነው። ዛሬም ከበሮ ባነገብኩ ቁጥር ትዝ ይለኝና መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ እላለሁ።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጥምጣሜን ፈትቼ ብብቴ ውስጥ ወሸቅሁና ፒያሳ ካለው ሲኒማ ቤት ገባሁ። የቤተ ክህነት ተማሪ እዚያ ታየ ማለት ከጉባኤው ተባረረ ማለት ነው። እኔ ደግሞ ለጥምቀት ከበሮ እንድመታ ተመርጬ ነበር። ሰይጣን አሳሳተኝ ልበል እንጂ ምን እላለሁ።

ፊልሙ ስለ ኩባ ሙዚቀኞች ነው። ነጫጭ ሸሚዝ የለበሱ ሰዎች ጥሩምባ ይነፋሉ፤ አንድ ጥቁር ሽማግሌ ረጃጅም ከበሮዎች አቁሞ፣ ዓይኑን ጨፍኖ በመዳፉ ይመታል። በመዳፉ! ልክ እንደኛ። ሰዉ ሁሉ ዘፋኟን ሲያይ እኔ የሱን እጅ ብቻ ሳይ ቆይቼ ወጣሁ።

ሰኞ ተማሪው ሳይሰበሰብ ከበሮውን አነሳሁና ያንን ምት ሞከርኩት። ብቻዬን ነበር የመሰለኝ። ቀና ስል የኔታ ከደጃፉ ቆመው ያዳምጣሉ። የአገሩ መሪጌታ ሁሉ ከእሳቸው እግር ስር የተማረ፣ ስልሳ ያለፋቸው ሰው ናቸው። ክው አልኩ።

«ይህን አመታት ከማን አገኘኸው?» አሉኝ።

እንዳልባረር ፈርቼ፣ ከጎጃም የመጣ አንድ ተማሪ አሳየኝ ብዬ ዋሸሁ።

አልተቆጡም። መቋሚያቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው፣ እኔ ቆሜ እሳቸው መሬት ላይ ቁጭ አሉ።

«ሸጋ ነው። ይህን ሁሉ ዘመን አምልጦኝ ኖሯል። በል አስተምረኝ።»

ምን ላድርግ፣ አስተማርኳቸው። ጉልበታቸውን በመዳፋቸው እየመቱ ተከተሉኝ። ሲሳሳቱ ይቅርታ ይጠይቁኛል። ሲጨርሱ ተነስተው እጅ ነሱኝና «እግዜር ይስጥልኝ፣ የኔታ» አሉ። የሚቀልዱ መስሎኝ ፊታቸውን አየሁት። አይቀልዱም።

ለጥምቀት ከበሮውን መታሁ። እሳቸው ግን ከጎጃም የመጣ ተማሪ ባገኙ ቁጥር ያስቆሙና ጉልበታቸውን መታ መታ አድርገው፣ ይህን ታውቀዋለህ ወይ ብለው ይጠይቁ ነበር። ማን ያውቀዋል? ዛሬ ነገ እነግራቸዋለሁ ስል አረፉ።

አሁን ሳስበው፣ እውነቱን ብናገር ኖሮ የሚያባርሩኝ አይመስለኝም። ያ የፊልሙ ሽማግሌስ ከማን ተማረው ብለው ነበር የሚጠይቁኝ። እኔም ዛሬ በተራዬ መምህር ሆኛለሁ። ተማሪዎቼ «የኔታ» ሲሉኝ አቤት እላለሁ፤ ቀና ብዬ ግን አላያቸውም።